የክር ብጥስጣሽ

ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ፣ ከመርሊ ደሴት ወደ ዋናው ምድር
ጀልባችን ስትሄድ (ሰማንያ ደቂቃ ነው፣
የኒውፋውንድላንድ ጭጋግ ካልከፋ በስተቀር)
ድሩሲላ አለች፣ በስተግራ፣ ከመስኮቱ ሥር።
ባሏን ኩላሊቱን ሊያጥቡለት ነው። እሱ ያንቀላፋል፤
እሷ ትሰፋለች፤ መርፌዋ ይወጣል፣ ይገባል፣ ይወጣል።

እኔ ጠራጊው ነኝ። ማታ፣ ሰው ሁሉ ወርዶ ሲያልቅ፣
ከወንበሯ ሥር የቀረው ብጥስጣሽ ነበር የሚያወራኝ ሳልጠይቅ።
ቢጫ ከሆነ፣ ልጅ ተወልዷል፤
ጥቁር ከሆነ፣ ከመንደሩ አንድ ሰው ሞቷል፤
አረንጓዴ ሲበዛ ገና ደርሷል።
አንድ ሳምንት ሙሉ ነጭ ብቻ ጠረግሁ።
ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁ።

ጭኗ ላይ የቀረውን ደግሞ በመዳፏ ሰብስባ
ለነፋስ ትሰጠው ነበር፣ ወደ ጀልባው ጫፍ ቀርባ።
«ለወፎቹ ነው» ትላለች፤ «ጎጆ ይሥሩበት፤
ከእኔ የተረፈው ለጫጩት ቢሆን፣ ምን አለበት?»
ምን አለበት? መጥረጊያዬን ተደግፌ አየሁ።
ደግነት ሲበተን ማን ይከለክላል? ዝም አልሁ።

እስከ ሰኔ ድረስ።

በሰኔ አንድ ጠዋት፣ ከገመዱ ጥቅል አጠገብ፣
ላባዋ ያልጠና አንዲት የባሕር ወፍ ወድቃ ትርገበገብ።
እግሯ ታስሯል። ቀይ ክር፣ ሦስቴ አራቴ ዞሮ፣
እንደ ጠባብ ቀለበት ሥጋዋን ሰርስሮ።
በቢላዬ ጫፍ ቆረጥሁት። ክሩ ተፈታ፤
እግሩ ግን ከክሩ ቀድሞ ሞቷል።
ሁለቴ ተነሥታ ወደቀች፤ በሦስተኛው በረረች።
ቀዩን አውቀዋለሁ፤ በግንቦት ነው፣
ለእህቷ ልጅ ሠርግ ብርድ ልብስ ስትሰፋ ነበረች።

ልንገራት? አልንገራት? ሁለት ጉዞ አፌን ይዤ ሄድሁ፤
በሦስተኛው ክሩን ከኪሴ አውጥቼ ጭኗ ላይ አኖርሁ።
መነጽሯን አወለቀች። አየችው። መልሳ አጠለቀች።
«ያ የተሰበረው የብረት ሜትርህ አሁንም አለ?» ብላ ጠየቀች።

አለ። ምላሱ የተጣመመ፣ መጠቅለል እምቢ ያለ።
ከስንዝር ጥቂት የሚያልፍ ሁለት ቁራጭ ቆረጠችለት፣
ጫፉ እንዳይቧጭር ፕላስተር ጠቀለለችበት።
ከውጭ የባሏ የድሮ የዓሣ ማጥመጃ ካፖርት፣ ጨው የጠገበ፤
ከውስጥ የትራስ ልብስ፣ በዕጥበት የሳሳ።
አፉን አጠፈች፤ በእጥፋቱ ሁለቱን ብረት ፊት ለፊት አስገባች፤
ሰፋች፤ ጠመመባት፤ ፈታች፤ እንደገና ሰፋች።
ከወንበር ክንድ የሚንጠለጠልበት ጆሮ አበጀች።
ሲተኛ ኪስ የማይሞላ፣ ሲነሣ ጎድጓዳ፤
ሁለቱን ጎን ሲጫኑት አፉን ይከፍታል፣
ሲለቁት፣ ቀጭ! ያገኘውን ይዞ ይዘጋል።

ባሏ በድምፁ ነቃ። «ወጥመድ ነው?»
«አዎን» አለችው፤ «የራሴን እጅ ልይዝበት ነው።»

ከዚያ ወዲህ ወለሌ ንጹሕ ነው፤ አለቃዬ ደስ ብሎታል።
እኔን ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ የሆነ ነገር ጎድሎኛል።
ማን እንደ ተወለደ፣ ማን እንደ ሞተ
ከሰው አፍ ነው የምሰማው፤ ያውም አርፍዶ፣ ያውም ተጣሞ።

ዓይኔን አይታው ኖሮ አንድ ቀን ከረጢቷን ከፍታ አሳየችኝ፤
ሰማያዊ፣ ሰማያዊ፣ ግራጫ፣ ጥቂት ነጭ። «እስቲ አንብበው» አለችኝ።
«መጋረጃ?» «አይደለም።» «የሕፃን ልብስ?» «አይደለም።»
«ታዲያ ምንድን ነው?»
«ባሕሩ ነዋ፣ ሌይላንድ። በየቀኑ መስኮቱን የምትወለውለው ለምንድን ነው?»

ትናንት ከእጅጌዬ አንድ ክር ተመዝዞ አየሁ፣ ከቁልፉ ሥር።
በጥርሴ በጠስሁት። በሁለት ጣት ይዤ ቆምሁ።
በሩ ክፍት ነው፤ ውጭ ነፋስ ነበር።
እሷ ቀና አላለችም፤ መርፌዋም አልቆመ፤
በግራ እጇ ብቻ ጎንና ጎኑን ተጫነች።
አፉ ተከፈተ።
ጣልሁት።
ቀጭ።